ዝገቱ የማን ነው?

ለመሆኑ ዝገት ያምራልን? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ማረሻው የዛገበት ገበሬ፣ ወይም የቤቱ ቆርቆሮ ከሚስማሩ ሥር ጀምሮ ተበልቶ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስበት አባወራ «ምኑ ያምራል?» ብሎ እንደሚመልስ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ጤነኛና ብልህ የሆኑ በርካታ ሰዎች ከፋብሪካ አዲስ የወጣ ትንሽ የባቡር ሞዴል ገዝተው፣ ሳምንታት ደክመው፣ ዝናብና ፀሐይ ለሠላሳ ዓመት የተፈራረቀበትና ባለቤት ያጣ አስመስለው ዝገት ይቀቡታል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛው ባቡር፣ ስንት ሰው የደከመበትና ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ከሐዲዱ ላይ እንደቆመ እየዛገ ነው፤ እርሱን ለማዳን የሚደክመው ሰው ደግሞ ከእነዚያ ዝገት ቀቢዎች ቁጥር እጅግ ያንሳል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው። የተተወን ነገር መልክ ወድዶ መመልከት ነውር አለበትን? ነውር ካለስ ከሚመለከተው ሰው ዘንድ ነው ወይስ ከተወው?

ቀየት ተቀምጦ ስለ ባቡር መጻፍ አንዳንድ አንባቢያንን ሊያስገርም ይችላል። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባቡር ወጥቶባቸው አያውቅም። ሽማግሌዎችም «ባቡር» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት የእህል ወፍጮውን ነው። ቢሆንም ብረት የሁላችንም ጉዳይ ነው። ባቡሩ የሚሄድበትን መንገድ «ሐዲድ» ስንል የምንጠራው በዐረብኛው የብረት ስም ነው፤ በመድረሳ የተቀመጠ ደረሳ ሁሉ ይህን ቃል የሚያውቀው ባቡር ከማየቱ በፊት ነው። የተከበረው ቁርኣን 57ኛው ሱራም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ብረት አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ከሰጣቸው ጸጋዎች አንዱ ሆኖ ተወስቶበታል። ጸጋ ከሆነ ደግሞ አያያዙ ይጠየቅበታል።

አስቀድሞ ዝገት ምን እንደሆነ እንመልከት። ብረት ውኃና አየር ባንድነት ሲያገኙት መልኩን ለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ አዲስ ነገር ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፤ ሲያብጥም ቀለሙን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ በኩል ውኃ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ይፈጥናል። አሉሚኒየም በላዩ የሚይዘው ልባስ ውስጡን ይጠብቅለታል፤ የብረት ዝገት ግን እየተቀረፈ ስለሚወድቅ ሁልጊዜ አዲስ ብረት ያጋልጣል። ጨው ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ በጅቡቲ የባሕር ነፋስ የሚመታው ብረት በድሬዳዋ ደረቅ አየር ከቆመው ቀድሞ ይበላል።

አሁን ወደ ዝገት ቀቢዎቹ እንመለስ። ጀርመን አገር የሚኖር የእህቴ ልጅ ጡረታ የወጣ ጎረቤቱ የሠራውን ባቡር ፎቶግራፍ በስልክ ልኮልኝ ነበር። ጀርመን የዚህ ሥራ ዋና አገር ናት ማለት ይቻላል፤ ጎፒንገን በምትባለው ከተማ ያለው ሜርክሊን የተሰኘው ፋብሪካ የተመሠረተው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። በስፋት በሚሠራበት ልክ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ 15 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በፎቶው ላይ ያየሁት ሎኮሞቲቭ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ጣሪያው ተቀርፎ፣ የበሩ ግርጌ ተበልቶ፣ ከየብሎኑ ሥር የወረደው የዝገት እንባ ሳይቀር ይታያል። እውነት ለመናገር ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከርሱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። (ሥዕልና ቅርጽ ሲነሳ የሚጠይቅ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ሕይወት የሌለው ነገር ምስል ላይ ዑለሞች ያላቸው አቋም ሰፊ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።)

አሠራራቸው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሞዴሉን የአሮጌ ዝገት መልክ ባለው ጥቁር ቡናማ ቀለም ይቀቡታል። በላዩ ጥቂት ውኃ አርከፍክፈው የገበታ ጨው ይነሰንሱበታል፤ ሲደርቅ የባቡሩን የራሱን ቀለም፣ አረንጓዴም ሆነ ቀይ፣ ከላይ ይረጩበታል። ከዚያም ጨውን በውኃና በብሩሽ ያጥቡታል። ጨው በነበረበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ተነስቶ የታችኛው ዝገት ብቅ ይላል። ጨውን ትተው የፀጉር ስፕሬይ የሚጠቀሙም አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በአቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው እውነተኛ ዝገት ያዘጋጃሉ። በመጨረሻ እንደ በርበሬና እንደ ቀይ አፈር የላመ የቀለም ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ይነካካሉ፤ አዲሱ ዝገት ወደ ብርቱካን፣ የቆየው ወደ ጥቁር ቡናማ እንዲያደላ ያደርጋሉ።

የገረመኝ ግን ብልሃቱ ሳይሆን ሕጋቸው ነው። ጎበዞቹ ከሐሳባቸው አንዳች አይቀቡም፤ የእውነተኛውን ባቡር ፎቶግራፍ ከፊታቸው አድርገው ውኃ የት እንደቆመ፣ በየት በኩል እንደወረደ፣ የሰው እጅ በመጨረሻ የነካው እጀታ የትኛው እንደሆነ ያጠናሉ። ዝገትን በሁሉም ቦታ እኩል የለቀለቀ ጀማሪ ይሳቅበታል፤ ብረት በሁሉም ቦታ እኩል አይዝግምና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለይተው ያውቃሉ። አንደኛው እየሠራ ያረጀ ባቡር ነው፤ እርሱ ጥቀርሻ፣ ዘይት፣ የፍሬን ብናኝ ይለብሳል፣ የመንኮራኩሮቹ መርገጫ ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለተኛው የተተወ ባቡር ነው፤ ዘይቱ ደርቋል፣ መንኮራኩሩ እንኳ ቡናማ ሆኗል። ሐዲድም እንዲሁ ነው። ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ጎኑ ቢዝግም አናቱ ያብለጨልጫል፤ ባቡሩ ከቀረ ግን ጥቂት ቀን ሳይቆይ አናቱም ይዝጋል።

ይህን ልዩነት እኛም እናውቀዋለን። በእርሻ ወራት ማረሻ ያበራል፤ ድንጋዩና አፈሩ ይስለዋል፣ ያሳጥረዋልም። አልቆ ለባለ እጅ ሲመለስ ማንም አያዝንበትም፤ አርሶ አልቋልና። ከጣሪያ ሥር ተሰክቶ የዛገው ማረሻ ግን ሳያርስ ነው ያለቀው። የደረሳ ሉሕም እንዲሁ ነው። ከስንት ትውልድ እጅ የተቀባበሉት ሉሕ ጠርዙ ጠቁሮና ለስልሶ ይታያል፤ ከጥግ ተጥሎ ብል የበላውም ያረጀ ይመስላል። ሁለቱን አሮጌ ብሎ ባንድ ስም መጥራት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

እንግዲህ ሞዴል ሠሪው አዲሱን አሮጌ ማስመሰሉ ማጭበርበር ነውን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። የተወቀሰው እህሉ ዝናብ ስለነካው አልነበረም፤ ሻጩ ደረቁን ከላይ አድርጎ እርጥቡን ስለሸሸገው ነው። ሞዴል ሠሪው የሚያደርገው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውስጡ ደኅና የሆነውን ነገር ውጪውን አበላሽቶ ያሳያል፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሎም ይናገራል። በዚህ የተታለለ ሰው የለም። ዛሬ የተሠራን ዕቃ በጢስና በጭቃ አስረጅቶ «የአያት የቅድመ አያት ነው» እያለ ለእንግዳ የሚሸጠው ነጋዴ ግን ያንኑ ብልሃት ለማጭበርበር አውሎታል። ከእርሱ የማይሻለው ደግሞ የበሰበሰ መኪና በማስቲካና በቀለም ደልሎ «እንደ አዲስ ነው» የሚለው ነው። ስለዚህ ነውሩ ያለው ከቀለሙ አይደለም።

ከሞዴሉ ወደ እውነተኛው ባቡር ስንሻገር ግን ጥያቄው ይከብዳል።

አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሸፍኔ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ከድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው። መንገዱን የጀመረው ኩባንያ በመካከል ከስሮ ሌላ ኩባንያ ተተካበትና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሆነ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር። ለገሃር የሚገኘው ጣቢያ በ1922 ተመረቀ። በእንፋሎት ይሄዱ የነበሩት ሎኮሞቲቮች በ1940ዎቹ በናፍጣ በሚሄዱት ይተኩ ጀመር። በድሬዳዋ ትልቅ የጥገና ጋራዥ ተቋቁሞ መካኒኩ፣ ቀጥቃጩ፣ አናጢው በፈረንሳይኛ እየተግባባ ይሠራ ነበር፤ አባት ልጁን እያስተማረ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ የባቡር ሠራተኛ እየሆነ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ኖሯል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ዋዜማና ጊዜ መንገዱ በድልድዮቹ ላይ ተመታ። በ1977 በአዋሽ አጠገብ በደረሰው የመገልበጥ አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። የጭነት መኪና በአስፋልት ላይ እየበዛ ሄደ፤ ሐዲዱ አረጀ፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ ጥገናው ተጀምሮ ቆመ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። በመስከረም 2009 በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ቢጠገኑም በርሱ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። በድሬዳዋ ጋራዥና ዙሪያው የቆሙትን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ያደንቃል። በፀሐይ የነጣው ቀለምና ከሥሩ ብቅ ያለው ዝገት በእውነት ዓይን ይስባል።

ታዲያ ይህ ዝገት የማን ነው? ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው ፈልገን አናገኝም። ጦርነቱ የማን ነበር? አስፋልቱን የሠራ ምን አጠፋ? በመጨረሻው ቀን ሎኮሞቲቩን አቁሞ ቁልፉን ያስረከበው ሾፌርስ? ሁሉም ድርሻውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ዝገቱ ግን አለ። የሕዝብ የሆነ ነገር የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በየገጠሩ አንድ የእጅ ፓምፕ ጎሚኒው አልቆ ሲቆም አይተናል። ጎሚኒው ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም ይሆናል። ነገር ግን ፓምፑ የሁሉም ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ይጠብቃል፤ ሴቶች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ በሁለተኛው ክረምት እጀታው ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ጎሚኒ ቢመጣም አያድነውም።

በፊቅህ ትምህርት ፈርድ ኪፋያ የምንለው አለ። ከሕዝቡ ከፊሉ ከፈጸመው ከሌላው ላይ ይነሳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ተጠያቂነቱ በሁሉም ላይ ይሆናል። የጀናዛ ጉዳይ የታወቀው ምሳሌ ነው። ስለ ባቡር ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ያ የእኔ ደረጃም አይደለም። ነገር ግን «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። «የመንግሥት ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ለጥያቄው መልስ መስሎ ከጥያቄው መሸሻ ነው፤ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ዝገቱ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። «ብረት አይሰማውም፤ ዘመኑ ያለፈበትን መሣሪያ መጣል ምን ኃጢአት አለው? አያቶቻችን በቅሎ ይጭኑ ነበር፤ መኪና ሲመጣ ተዉት።» ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። ያለፈበትን ነገር ማሳረፍ ተገቢ ነው፤ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ለዘላለም ይሂድ የሚል የለም። ብረት እንደማይሰማውም እሙን ነው። ግዴታው ግን ለብረቱ አይደለም። ብረቱ ላይ ላብ ያፈሰሰ አለ፣ ገንዘብ የከፈለ አለ፣ በአዋሽ ገደል የሞተ አለ። ዕቃው በእጃችን ያለ የእነርሱ አማና ነው። ማሳረፍና መጣል ልዩነታቸው በአረጁ ሰዎች ላይ እንደሚታየው ነው፤ አባት ከእርሻ አርፎ ከምድጃው ዳር ሲቀመጥና ሳይጠየቅ ተዘንግቶ ሲቀር ሁለቱም «ሥራ ፈቷል» ይባልላቸዋል።

ይህ አማና የሚለው ቃል በሌላ ባቡር ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የኦቶማኑ ሱልጣን ዐብዱል ሐሚድ ዳግማዊ ከደማስቆ እስከ መዲና የሚደርሰውን የሒጃዝ ባቡር በ1900 እ.ኤ.አ. አስጀመሩ፤ በ1908 መዲና ገባ። 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሐጃጆች ከደማስቆ በግመል አርባ ቀን ያህል የሚወስድባቸው መንገድ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። ለሥራው ከሕንድም ከግብፅም ከሌላውም የሙስሊም አገር መዋጮ ተሰብስቧል፤ ባቡሩም ወቅፍ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተደጋግሞ ፈነዳ፤ ከጦርነቱ በኋላ የደቡቡ ክፍል እንደገና አልተነሳም። ሎኮሞቲቮቹ በሒጃዝ አሸዋ ላይ እንደወደቁ ዛጉ። የሩቅ አገር ድሃ ለሐጃጅ ብሎ ያዋጣው ሳንቲም ከዚያ ዝገት ውስጥ አለ። የመዲና ጣቢያ ግን ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ ሎኮሞቲቭም ቆሞበታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ከጎረቤታችን ከኤርትራ ነው። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር፤ በጣሊያን ዘመን የገቡት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም ዝገው ቆመው ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ጥገናው ሲጀመር ጡረታ ወጥተው የነበሩ ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ከሰባ ዓመት ያለፉ ሽማግሌዎች፣ ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ሐዲዱ ከየምሽጉ እየተለቀመ ተመለሰ፤ በ2003 መስመሩ አስመራ ደረሰ። ያን ሁሉ ዓመት ብረቱ ሲዝግ ሥራው በእነዚያ ሽማግሌዎች እጅ ሳይዝግ ቆይቷል። እነርሱ አስር ዓመት ቀድመው ሞተው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ገንዘብና የተሻለ ብረት ቢመጣ እንኳ ያን እንፋሎት በዚያ መልክ የሚያስነሳ አይገኝም ነበር።

ከዚህ በመነሳት በድሬዳዋ ስላሉት የምለው አለ። ለቁራሌው ተቆራርጠው እንዲሸጡ የሚፈልግ ሰው ብረቱን ብቻ ነው የሚመዝነው። ለበዓል ለምርቃት ሲባል በአዲስ ቀለም ብቻ ተለቅልቀው እንዲያብለጨልጩ የሚፈልገው ደግሞ እርጥቡን እህል በደረቁ እንደሸፈነው ሻጭ ነው፤ ቀለም ከዝገት ላይ ሲቀባ ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል፣ ለማየት ብቻ ነው የሚከብደው። የሚሻለው ትንሽ ነገር ነው፦ ዝናብ የሚመልስ ጣሪያ፣ በየጊዜው የሚነካ ዘይት፣ አንድ እንኳ ቢሆን የሚንቀሳቀስ ሎኮሞቲቭ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በሕይወት ያሉትን አዛውንት ሠራተኞች እየጠየቀ የሚጽፍ ወጣት። በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ወይም በለገሃር ዙሪያ የምትኖሩ ቤተሰቦች አባታችሁ ወይም አያታችሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩ ይህ የመጨረሻው ሥራ ለማንም ቢሮ የሚተው አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ የጁምዓ ከሰዓት ይበቃዋል።

ዝገቱን እያየ ለሚያደንቀው እንግዳም ሆነ ጠረጴዛው ላይ ለሚቀባው ጀርመናዊ ሽማግሌ እኔ ክፉ ቃል የለኝም። እንዲያውም ያ ሽማግሌ አንድ ብሎን ከየት በኩል እንደዛገ ለማወቅ ሌሊት የሚያነጋው ነገሩን አክብሮ ነው። ዓይን የሳበውን ውበት መካድ አይገባም። ነገር ግን የዝገት ማማር ዝገት እንዲመጣ ለፈቀደው ምስክር ሆኖ አይቆምለትም።

እኛም ዘንድ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው ሐዲድ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ከመንዝ ተራራ ግርጌ በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፋል። ከተነጠፈም በኋላ መደበኛ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት ቆጥሯል፤ በጦርነቱም ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል። ከደጋው ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ የሚወርዱ ልጆች ሐዲዱን ተሻግረው ነው የሚያልፉት፤ የአንዳንዶቹን ዕድሜ ስጠይቅ ከሐዲዱ ጋር እኩያ ናቸው። ባቡር ሲያልፍበት አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው አንዱ «አናቱን አይቼ እነግርዎታለሁ ሼኽ» አለኝ፤ በመድረሳ ስለ ማረሻና ስለ ሐዲድ አናት የነገርኳቸውን ይዞ ኖሯል።